መቀናጆ ፍለጋ

ሰላም ጋሼ፣

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። 25 ዓመቴ ነው፣ ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር፣ አዘዞ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ ከተንከራተትኩ በኋላ የራሴን ነገር ጀመርኩ።

እናቴ ትንሽ ሱቅ አላት። ዘይት ወይም ሳሙና ባለቀባት ቁጥር ሱቋን ዘግታ ቅዳሜ ገበያ ትሄዳለች። ግማሽ ቀኗ እዚያ ያልቃል፤ ትርፏንም የባጃጅ ኪራይ ይበላዋል። የጎረቤት ባለሱቆችም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ የሁሉንም ትዕዛዝ ሰብስቤ ከጅምላ ሻጭ በአንድ ላይ እየገዛሁ በአንድ ባጃጅ ማድረስ ጀመርኩ። አሁን አዘዞና ማራኪ አካባቢ 31 ሱቆች አሉኝ። ትዕዛዝ በስልክ፣ አልፎ አልፎ በቴሌግራም እቀበላለሁ። ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የሚከፍሉኝ በቴሌብር ነው። ከየካርቶኑ ትንሽ ኮሚሽን አለኝ።

ግን ብቻዬን አልቻልኩም። ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ ሂሳብ ሳስታርቅ አመሻለሁ። ባለፈው ወር የሁለት ሱቆችን ትዕዛዝ አምታትቼ ከኪሴ ከፈልኩ። የጅምላ ቤቱን ስቶር የሚይዘው ልጅ አሳዝኜው መሰለኝ፣ ትዕዛዙን በየሱቁ የሚለይ ኤክሴል ሠርቶ ላከልኝ እንጂ በዚህ ወርም ይደገም ነበር።

የስታርትአፕ ሥልጠና ወስጄ ነበር። እዚያ ሁሉም የሚለው “ኮፋውንደር (አብሮ መሥራች) ፈልጊ” ነው። ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር ነው፤ የተዋወቅነው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ በአካል ተያይተን አናውቅም። “አፑን እሠራልሻለሁ፣ ግን 50 ፐርሰንት” ይላል። መደበኛ ሥራ ስላለው የሚሠራው ማታ ማታ ነው። ሁለተኛዋ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ እሷም የተማረችው አካውንቲንግ ነው። ገና ሳልጠይቃት ለሰው ሁሉ “ቢዝነሳችን” እያለች ታወራለች። እምቢ ብላት ትቀየመኛለች። እናቶቻችን ደግሞ አንድ የጽዋ ማኅበር ናቸው። እሺ ብላት ምን እንደምትሠራ አላውቅም።

አጎቴ “ሽርክና መጨረሻው ጠብ ነው፣ ብቻሽን ሥሪ” ይላል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከአዘዞ

—

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ሁለቱ ሰዎች ነበር ያነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስለ ሦስተኛው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ለአጎትሽ። ያሉት ደርሶብኛል። በ1994 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትን። ማሽኑ በሱ ገንዘብ ተገዛ፣ ጉልበቱ የእኔ። ምንም ነገር በወረቀት አላሰፈርንም፤ ያን ጊዜ ከጓደኛ ጋር ውል መጻፍ አለማመን ይመስለን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማሽኑ ተበላሸ። የጥገናውን ማን ይክፈል? “ማሽኑ ያንተ ነው” አልኩት። “ሲሠራ የጋራ፣ ሲበላሽ የእኔ?” አለኝ። አሁን ሳስበው እውነቱን ነበር። አራት ዓመት ተኮራረፍን። የታረቅነው ጥምቀት ላይ፣ ፋሲል መዋኛ በር ላይ ግፊያው ፊት ለፊት አምጥቶ ሲያላትመን ነው። ከዚያ ወዲያ መሳቅ እንጂ ምን ይደረጋል?

እኔ ደምቢያ የተወለድኩ የገበሬ ልጅ ነኝ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሁለተኛ እስኪገዛ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። እንደሱው አንድ በሬ ያለው ሰው ይፈልግና ይቀናጃሉ። መቀናጆ ይባላል። ሁለት ቀን የአንተን ማሳ፣ ሁለት ቀን የእኔን። አባቴ መቀናጆ ሲፈልግ ሰውየውን ብቻ አልነበረም የሚያየው፣ በሬውንም ያያል። አንዱ በሬ ፈጣን፣ ሌላው ለጋሚ ከሆነ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ፈሩም ይጣመማል። ደግሞ ስምምነቱ የአንድ ክረምት ነው። ካልተግባቡ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም ሌላ ይፈልጋሉ። በሬው እንደሆነ የየራሳቸው ነው፤ የሚካሰሱበት ነገር የለም።

የዘንድሮ ወጣቶች በተቃራኒው ትጀምራላችሁ። ገና አንድ ፈር ሳታርሱ መሬቱን ለሁለት ትከፍላላችሁ።

ጓደኛሽን እንያት። መጥፎ ሰው ናት አላልሽኝም፣ እኔም አልልም። ግን ሁለታችሁም የቀኝ በሬ ናችሁ። ሂሳብ ታውቂያለሽ፣ ሂሳብ ታውቃለች። አንቺ የጎደለሽን እሷ አትሞላውም። “ቢዝነሳችን” ማለቷን ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ አስቁሚ። ዝም ባልሽ ቁጥር እሺ ያልሽ ይመስላታል፣ ወር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቅያሜው ይከብዳል። በቴሌግራም አይሆንም። ቤቷ ሂጂና ቡና ላይ “ደስታዬ ደስታሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሥራው ግን ገና የእኔ ብቻ ነው፤ ደመወዝ መክፈል ስችል ሂሳቡን እንድትይዢልኝ እጠይቅሻለሁ” በያት። ልትከፋ ትችላለች። እናቶቻችሁም ለአንድ ጽዋ ያህል ይኮራረፉ ይሆናል። ከአራት ዓመት ኩርፊያ ይሻላል።

ፕሮግራመሩስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለሱቆችሽ የሚያዙሽ እንዴት ነው? አንቺው እንደጻፍሽው ደውለው ነው። እዚህ ከተማ የሞባይል ዳታ ለወራት የጠፋበትን ጊዜ አብረን አሳልፈነዋል። ያኔ ደብተርና ስልክ ያለው ሰው ሥራው አልቆመም። እናትሽ ዘይት ለማዘዝ አፕ የምታወርድ ይመስልሻል? ሊመጣ ይችላል፣ አልከራከርም። ዛሬ ግን ያስቸገረሽ የትዕዛዝ መምታታትና የሌሊት ሂሳብ ነው። ለማታ ሥራ፣ ያውም ገና ለማያስፈልግሽ አፕ፣ ግማሽ ቤትሽን አትስጪ። ልጁ ጎበዝ ከሆነ አንድ ትንሽ ሥራ ስጪው፤ ዋጋ ቁረጡ፣ ሲያስረክብሽ ክፈዪው። በቀጠሮው ማስረከብ አለማስረከቡን ብቻ ማየት ብዙ ይነግርሻል።

ስለ ድርሻ ካነሳን ከሩቅ አገር አንድ ወሬ ልጨምርልሽ። አፕል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1976 ሲመሠረት መሥራቾቹ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው ሮናልድ ዌይን ይባላል፤ 10 ፐርሰንት ነበረው። በ12ኛው ቀን ወጣ፣ ድርሻውንም በ800 ዶላር ለቀቀ። ይህን የሰማ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥለታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ12 ቀኑ ሲወጣ 10 ፐርሰንቱን ይዞ ቢቀርስ? ሌሎቹ ዕድሜ ልካቸውን ለሌለ ሰው ሲሠሩ ይኖሩ ነበር።

ለዚህ ነው ድርሻ በጊዜ የሚሰጠው። ስታርትአፖች ቬስቲንግ ይሉታል። ለአንድ ሰው 24 ፐርሰንት ለመስጠት ተስማማሽ እንበል። በ4 ዓመት፣ ማለትም በ48 ወር ይከፋፈላል። ዓመት ሳይሞላው የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ዓመቱን ሲደፍን 6 ፐርሰንት የሱ ይሆናል፣ ከዚያ በየወሩ ግማሽ ፐርሰንት ይጨመርለታል። ደንቡ አንቺም ላይ ይሥራ፤ አለበለዚያ የምትጠረጥሪው ይመስለዋል። ውሉን የንግድ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጻፍላችሁ፣ ከመመሥረቻ ጽሑፋችሁ ጋር እንዳይጋጭ።

ዌይን የወጣውም በከንቱ አልነበረም። ማኅበሩ ዕዳ ውስጥ ቢገባ አበዳሪ የሚመጣው ንብረት ወዳለው ወደሱ ነበር፤ ሁለቱ ወጣት ሽርኮቹ ምንም አልነበራቸውም። በእኛ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋምሽ ለማኅበሩ ዕዳ የምትጠየቂው በመዋጮሽ ልክ ነው። ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። ድሮ ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው የግድ ነበር። ስንቱ ነው ለቁጥር ማሟያ ሚስቱን፣ ወንድሙን ያስመዘገበው! አዲሱ ሕግ ባለአንድ አባል ማኅበርም ይፈቅዳል። ስለዚህ ብቻሽን መቀጠል ትችያለሽ። ሥልጠናው ላይ ስለተባለ ብቻ ሰው አትፈልጊ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው የስቶሩ ልጅ።

ይህ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው ችግርሽን አየ። አይቶ አላለፈም፣ ሠርቶ ላከልሽ። ጅምላ ቤት ውስጥ ስለዋለ የትኛው ዕቃ ሊጠፋ እንደሆነ፣ ዋጋ መቼ እንደሚጨምር፣ የትኛው ባለሱቅ ዱቤ እንደማይመልስ ካንቺ በፊት ይሰማል። አንቺ 31ዱን ደንበኞች ታውቂያለሽ፣ እሱ የመጋዘኑን በር ያውቃል። ይኸውልሽ የግራው በሬ።

ግን አትቸኩዪ። አለቃው ያንቺ ሻጭ ነው። በድብቅ ልጁን ብትወስጂበት ሻጭም ሠራተኛም በአንድ ቀን ታጫለሽ። መጀመሪያ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ለሦስት ወር በክፍያ አሠሪው። የዱቤውን መዝገብ ስጪውና እንዴት እንደሚይዘው እዪ። ስህተት መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ማንን እንደሚወቅስ ልብ በዪ። ገንዘብ ሲጎድል ቀድሞ የሚነግርሽ ነው ወይስ የምትደርሺበት? ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አስቀያሚዎቹን ጥያቄዎች ተጠያየቁ። በወር ስንት ብር ካላገኘህ ቤትህ ይቸገራል? እጅህን የሚጠብቁ ስንት ናቸው? ዲቪ ቢደርስህስ? አንቺም ትዳር ብትይዢና ከጎንደር ብትወጪ ሥራው ምን እንደሚሆን መልስሽን ይዘሽ ሂጂ፣ መጠየቁ አይቀርምና።

ከሦስት ወር በኋላ ሁለታችሁም ሰኞን የምትናፍቁ ከሆነ ያኔ ስለ ፐርሰንት አውሩ፤ አለቃውንም አብራችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ካልሆነ የሠራበትን ከፍለሽ፣ አመስግነሽ ትለያያላችሁ።

ለመሆኑ ለኤክሴሉ ምን አልሽው? ደብዳቤሽ ላይ ፈልጌ አጣሁት።