ቫልቩ ይፈታል ወይ? ለቤት ጠመቃ ቫልቭና ጎማ ስለመምረጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። በመሀል ለገባችሁ፣ እህታችን አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቢራ ትጠምቃለች። ባለ 50 ሊትር የስቴንለስ ድስት አላት። ሙሉ ድስት ለሁለት ተሸክሞ መገልበጥ ስለሰለቻት ከታች ቫልቭ ልታስገጥምለት ነው። ናስ ይሁን ስቴንለስ? ጎማውስ? ጎማን ያለ ቁልፍ የሚያገጥሙትና የሚነቅሉት ፈጣን ማያያዣዎች ዋጋቸውን ያወጣሉ? ድስቱስ የግድ መበየድ አለበት? ነው ጥያቄዋ።

እኔ ቫልቭ ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይፈታል ወይ?» ብዬ ነው። የብረቱ ዓይነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ገብተሽ «የግማሽ ቦል ቫልቭ» ብትዪ የሚሰጡሽ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ ወይም ሁለት ክፍል ሆኖ የተጠበቀ ነው። ለውሃ ምንም አይለውም። ለዎርት፣ ማለት ከብቅል ለሚወጣው ገና ላልቦካው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ግን ችግር አለው። ቫልቩ ውስጥ መሀሉ የተበሳ ኳስ አለ። እጀታውን ስታዞሪ ኳሱ ይዞራል፤ በኳሱና በቫልቩ አካል መሀል ደግሞ ትንሽ ክፍተት አለች። ዎርት እዚያ ይገባና ይቀራል። ውሃ ብታፈሺበት በኳሱ ቀዳዳ በኩል ቀጥ ብሎ ያልፋል እንጂ ክፍተቷ ውስጥ አይገባም። አንድ ጓደኛዬ ቢራው እየኮመጠጠ ሲያስቸግረው ቫልቩን ይዞልኝ መጣ። ከውጭ ያብረቀርቃል። ቡለኖቹን ፈትተን ኳሱን ስናወጣው በነጩ የቴፍሎን ቀለበት ዙሪያ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ተጋግሯል። ሽታው የከረመ አተላ ነው። ቫልቩ ባለ ሦስት ክፍል ስለነበረ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ ተመለሰ። የማይፈታ ቢሆን ኖሮ መጣል ነበር።

ስለዚህ ባለ ሦስት ክፍል ፈልጊ። ሁለቱን ጫፎች ከመሀሉ ጋር የሚያያይዙ አራት ረጃጅም ቡለኖች ከውጭ ይታያሉ። በሁለት ቁልፍ ይፈታል። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ነው የምትገዢው።

«የፈላ ነገር ነው የሚያልፍበት፣ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ዎርቱን የምታቀዘቅዢው ድስቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በሚያልፍበት የመዳብ ጥምዝ ቧንቧ ከሆነ፣ በዚያ ቫልቭ የሚወርደው የቀዘቀዘ ዎርት ነው። የቀዘቀዘ ዎርት ደግሞ ላገኘው ጀርም ሁሉ ድግስ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፍላቱ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ቫልቩን ከፍተሽ የሚፈላውን ዎርት ወደ ጆግ ቅጂና መልሰሽ ድስቱ ውስጥ ጨምሪው። ሁለት ሦስቴ። ቫልቩ በራሱ ዎርት ይቀቀላል። እጅሽን ግን ጠብቂ።

ወደ ናስና ስቴንለስ ልምጣ። አቅም ካለሽ ስቴንለስ። አካሉ ላይ የተቀረጸውን አንብቢ። «ሲኤፍ8» የሚል ካለ 304 ለሚባለው የስቴንለስ ደረጃ አቻ የሆነ፣ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፤ «ሲኤፍ8ኤም» ካለ የ316። ለእኛ 304 ይበቃል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ማለቱን እርሺው። መርካቶ ውስጥ ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ ሰምቼም አላውቅ። ማግኔት ይዘሽ መሄድም ከመታለል ሙሉ በሙሉ አያድንሽም፤ ርካሹ 201ም ማግኔት ብዙም አይስብም። ሌላው ፍተሻ ቫልቩን ከፍተሽ ወደ ብርሃን ማየት ነው። አንዳንዱ ከውጭ ግማሽ ኢንች ሆኖ ከውስጥ ቀዳዳው እርሳስ እንኳ በግድ የሚያሳልፍ ነው። የሆፕስ (ቢራውን የሚያመርረው አበባ) ቁራጭ ሲደርስበት ይዘጋል። ሙሉ ቀዳዳ ያለውን ውሰጂ።

ናስ ክልክል አይደለም። ትኩስ ዎርት ለጥቂት ደቂቃ ቢያልፍበት ምንም አይልሽም። ግን ብዙ ናስ ለመቁረጥ እንዲመች ትንሽ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ይጨመርበታል፤ ላዩ ላይም ይቀራል። ከመግጠምሽ በፊት ሁለት እጅ ነጭ አቼቶ፣ አንድ እጅ ፋርማሲ የሚሸጠውን 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅለሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ንከሪው። ቀለሙ እንደ ቅቤ ቢጫ ሲሆን አውጥተሽ እጠቢው። አረንጓዴ ካለ ግን ቆይቷል፤ ፈሳሹን ድፊና እንደ አዲስ ቀላቅለሽ ጀምሪ። በተረፈ ናስን እርሾ ያለበት ዕቃ ላይ ለሳምንታት አትተዪው። ቢራም ጠጅም አሲድ አላቸው።

ጋልቫናይዝድ የሚባለውን ግራጫ የውሃ ቧንቧ ዕቃ በጭራሽ። ዚንኩ በአሲድ ይሟሟል። ክሮም የተቀባውም ሲላጥ ከሥሩ ምን እንዳለ አታውቂም።

የመጠምዘዣውን ጥርስ አደራ። እዚህ አገር የቧንቧ ሱቅ የምታገኚው አብዛኛው የእንግሊዝ ልክ፣ ቢኤስፒ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልሽ የሚመጣው የጠመቃ ዕቃ ደግሞ የአሜሪካ ልክ፣ ኤንፒቲ ነው። ተንኮሉ ያለው ግማሽ ኢንች ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ይገባሉ፤ ሁለት ሦስት ዙር ሄደው ይጠብቃሉ፤ የገጠሙ ይመስላሉ። ግን የጥርሱ ማዕዘን አንዱ 55፣ ሌላው 60 ዲግሪ ነው። ኤንፒቲው ደግሞ ወደ ጫፉ ይሾጥጣል። ውሃ ስትሞዪ ይንጠባጠባል። ጥርሱ ላይ በሚጠመጠመው ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ ብዛት ያስቆሙት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወደውም። ሁሉንም ከአንድ ቤተሰብ ግዢ። ቫልቩን፣ ኒፕሉን (ጥርስ ያለውን አጭር ማገናኛ ቧንቧ)፣ የጎማ መሰኪያውን ይዘሽ እዚያው ባንኮኒው ላይ ወንዴና ሴቴውን ገጣጥመሽ ሞክሪ። ሻጩ ቢነጫነጭም ችግር የለም። ሌላ ነገር ደግሞ «ግማሽ» የሚባለው ከውጭ ሲለካ 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ማስመሪያ ይዘሽ 12.7 ስትፈልጊ እንዳትደናገጪ።

ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ በደረቁ ስታጠብቂው ይነካከሳል፣ ከዚያ አይፈታም። ቴፍሎኑን በጥርሱ አዟዟር አቅጣጫ አራት አምስት ዙር ጠምጥሚ። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዪው፤ ብጣሹ ዎርት ውስጥ እንዳይገባ።

ገንዘብሽን የማትሰስቺበት ቦታ ጎማው ነው። ለምግብ የተሠራ የሲሊኮን ጎማ ግዢ። ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል፤ አይሸትም፤ ይቀቀላል። ውስጡ 13፣ ውጩ 19 ሚሊሜትር የሆነውን ውሰጂ። ቀጭኑ ሲሞቅ ይለሰልስና መታጠፊያው ላይ ይታነቃል። መስታወት የሚመስለው ርካሽ የላስቲክ ቱቦ ትኩስ ነገር ሲያልፍበት ከመሰኪያው ሾልኮ ይወጣል። 50 ሊትር የፈላ ዎርት በኮንዶሚኒየም ወለል ላይ፣ እግርሽን ተዪውና የታችኛው ጎረቤት ጣራ አስቢ። ሶማሌ ተራ ሰማያዊ የራዲያተር ሲሊኮን ጎማ አለ፣ ጠንካራና የሚያምር ነው፤ ለመኪና የተሠራ ነው፣ ለመኪና ይሁን። የአትክልት ማጠጫውም ለዎርት አይሆንም፤ የላስቲክ ጣዕም ይሰጣል፣ በተለይ ክሎሪን ያለው ውሃ ሲጨመርበት መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ለማቀዝቀዣው ጥምዝ ግን እሱ ጎማ ይበቃል፤ ከዎርቱ ጋር አይገናኝምና።

የማቀዝቀዣውን ጎማ በፋሸታ እሰሪው። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ለስላሳ ነው፣ ችግር የለውም። ከመንገዱ መስመር በቀጥታ ከሆነ ግን፣ ፈረቃው ደርሶ ውሃው ሲመጣ እንዴት እንደሚተኩስ ታውቂያለሽ። የሲሊኮኑን ግን ፋሸታ አጥብቀሽ አትነክሺው። የፋሸታው ጠርዝ ይቆርጠዋል። ከላይ ወደ ታች በራሱ የሚወርድ ከሆነ ጎማውን መሰኪያው ላይ እስከ ጥጉ መግፋት ብቻውን ይይዛል። ደግሞ ሲሊኮን አየር ያሳልፋል። ዎርት ለማዘዋወር ግሩም ነው፤ የተጠናቀቀ ቢራ ውስጡ እያደረ የሚቆይበት መስመር ግን አታድርጊው።

ፈጣን ማያያዣ? አንድ ድስትና አንድ ጎማ ላለው ሰው አያስፈልግም። ባለ ሁለት ጆሮው ካምሎክ የሚባለው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ጥቅሙ ድስት ሲበዛና ጎማ ከዚህ ወደዚያ ሲነቃቀል ነው። ዛሬ ያንን ብር ሲሊኮኑ ላይ ጨምሪው።

ፓምፕም ባልጠየቅሽኝ ላንሳው፣ ቀጣዩ ጥያቄሽ መሆኑ አይቀርምና። መብራት ሲሄድ የማይቆም ፓምፕ ስበት ነው። ድስቱን ጠረጴዛ ላይ፣ መጥመቂያውን መሬት ላይ። ፓምፕ ከገዛሽ ግን የፍሰቱን ቫልቭ በመውጫው በኩል አድርጊ፣ በመግቢያው በኩል አታንቂው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 90 የደረሰ ዎርት ጅቡቲ ቢሆን 10 ዲግሪ ይቀረው ነበር፤ እዚህ ግን ሊፈላ አፋፍ ላይ ነው። መግቢያው ሲታነቅ ግፊቱ ይወርድና ዎርቱ ፓምፑ ውስጥ ይፈላል፤ ፓምፑም እንፋሎት ይውጣል። ይንጫጫል እንጂ አይገፋም።

በዚያው ድስት ጠላም ልሞክር ያልሽውን በተመለከተ፣ ለድፍድፍ ቫልቭ አትመኚ። ጌሾው ግማሽ ኢንች ቀዳዳን በአንድ ትንፋሽ ይደፍነዋል። ለሱ ጣሳ ይሻላል።

እጥበት ላይ አንድ ነገር ብቻ። በረኪና ስቴንለስ ላይ አታሳድሪ። ነቁጥ ነቁጥ አድርጎ ይበላዋል። ከጠመቃ በኋላ ወዲያው ሙቅ ውሃ አሳልፊበት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ቡለኖቹን ፈትተሽ ኳሱን እጠቢ።

ብየዳ ግድ አይደለም። ጥሩ የአርጎን በያጅ ካገኘሽ ደስ ይላል፤ ቀጭን ድስት ላይ ለማያውቅ ሰው ከሰጠሽው ግን ይጠመዝዝልሻል። ያለ ብየዳ የሚሠራው እንዲህ ነው። ደረጃ ባለው ፑንታ 21 ወይም 22 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳል። ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል። ኒፕሉ ከውስጥ ይገባል። ከውጭ በኩል የሲሊኮን ኦሪንግ (ውሃ እንዳያሳልፍ የሚያፍነው ቀለበት)፣ ከዚያ ሮንዴላ፣ ከዚያ ቫልቩ። ኦሪንጉ ትንሽ ጠፍጠፍ ሲል አቁሚ፤ ከዚያ በላይ ካጠበቅሽው ይተረተራል። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ፈትነሽ አትመኚው፤ አንዴ ውሃ አፍልተሽ እዪው።

ቀዳዳው ድስቱ ወደ ታች ከሚጎብጥበት በላይ፣ ግድግዳው ቀጥ ባለበት ላይ ይሁን። ጉብጠቱ ላይ ከበሳሽው ኦሪንጉ እኩል አያርፍም። የነበልባሉንም ነገር አስቢ፤ ምድጃሽ ሰፊ ከሆነ እሳቱ በጎን ወጥቶ የእጀታውን ላስቲክ ያቀልጠዋል። ከመብሳትሽ በፊት የድስቱን የጎን ፎቶ ምድጃው ላይ እንደተቀመጠ እዚህ ለጥፊልን፣ ቁመቱን አይተን እንነግርሻለን።