ርካሽ ኤርፎን ጆሮን ይጎዳልን?

ጥያቄው የደረሰኝ ጠዋትና ማታ በአያትና በሜክሲኮ መካከል በታክሲ ከሚመላለሱ አንባቢ ነው። ከመንገድ ዳር በገዙት ባለገመድ ኤርፎን በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ያዳምጣሉ፤ ቤት ሲገቡ ጆሯቸው ጭው ይላል፤ በግራ በኩል ድምፁ ደክሟል፤ ውድ የሆነውን ቢገዙ ይሻላቸው እንደሆነም ይጠይቃሉ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የግራውን ጉዳይ እናጣራ። ኤርፎኑን አለዋውጠው የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ጆሮዎ ያድርጉ። ድካሙ አብሮ ወደ ቀኝ ከተዛወረ ጉድለቱ የዕቃው ወይም የስልኩ ነው፤ በግራ ጆሮዎ ከቀረ ግን የእኔ ሥራ አይደለምና የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። «አንዱ ሞቷል» ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት ኤርፎኖች ብዙዎቹ ድምፅ የሚወጣበት ወንፊታቸው በጆሮ ኩክ ከመደፈኑ በቀር ምንም አልሆኑም። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጎማ አውልቀው፣ ወንፊቱን ወደ ታች ደፍተው በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በመርፌ ግን አይውጉት። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ለጆሮ ጣጣ አለው፤ የደከመውን ለማካካስ ድምፅ በጨመሩ ቁጥር ጤነኛው ወገን ከሚገባው በላይ ይቀበላልና።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ ጆሮን የሚጎዳው የኤርፎኑ ዋጋ ሳይሆን ጆሮ ውስጥ የሚደርሰው የድምፅ መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ መጠኑ በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 85 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እርስዎ በሳምንት ስድስት ቀን ከተመላለሱ በታክሲ ብቻ ጨረሱት ማለት ነው። 100 ዴሲቤል ላይ ደግሞ በሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ታዲያ ጥራት ምን አገባው? በተዘዋዋሪ ብዙ ያገባዋል። ጆሮን በደንብ የማይገጥም ኤርፎን የሞተሩንና የረዳቱን ጩኸት ያስገባል፣ ቤዙንም (ወፍራሙን ድምፅ) ወደ ውጭ ያፈሳል፤ አድማጩም ሳያውቀው ድምፁን ይጨምራል። ስለዚህ እኔ ከስሙና ከዋጋው ይልቅ ጎማውን አያለሁ። ብዙ ጊዜ የጎማውን ልክ መቀየር ብቻውን ድምፁን በእጅጉ ለመቀነስ ያስችላል፤ የሁለቱ ጆሮዎች ቀዳዳም እኩል ላይሆን ስለሚችል በእያንዳንዱ ለየብቻ ይሞክሩት። ውድ ዕቃ በበኩሉ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ርካሹ ሲጮህ ድምፁ ስለሚሰነጠቅ ያስጠነቅቃል፣ ጥሩው ግን እስከ ላይ ድረስ ጥርት ብሎ ስለሚሄድ ምን ያህል እንደጮኸ አይታወቅም።

መግዛቱ የግድ ከሆነ፣ የውጭ ጩኸት የሚያጠፋ ኖይዝ ካንስሊንግ ያለው ለታክሲ መንገድ ገንዘቡን የሚያወጣ ይመስለኛል፤ ይበልጥ የሚያጠፋው እንደ ሞተር ያለውን ወፍራምና ያልተቋረጠ ድምፅ ነውና። ያም ሆነ ይህ ድምፁን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለጆሮዎ በሚመች ልክ ያስተካክሉ፤ ታክሲ ውስጥ ካልተሰማዎ ድምፁን ሳይሆን የጎማውን አገጣጠም ያርሙ። በስልክዎ ቅንብር ውስጥ የድምፅ ጣሪያ መገደቢያ ካለ ያብሩት።

ጭው ማለቱ ጆሮዎ ከአቅሙ በላይ እንደተቀበለ ምልክት ስለሆነ፣ ለጥቂት ቀናት ያለ ኤርፎን ይጓዙ። ከዚያ በኋላም ካልለቀቀዎ ይመርመሩ። አንዱ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር ስለሚሻል ዛሬ ነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረሱ።