የአንባቢያን ጥያቄ፦ የችሎት ሥዕል እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ዶናልድ ትራምፕ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ዜናው የሚያሳየን በእጅ የተሣለ ሥዕል ነበር። በዚህ ዘመን ካሜራ ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ ካሜራውን ያስቀረው ሕግ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የወንጀል ችሎትን ፎቶ ማንሳትም ሆነ ማሰራጨት በሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 53 ክልክል ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በ2024 እ.ኤ.አ. የታየው የትራምፕ ባለ 34 ክስ ጉዳይ የፌዴራል ባይሆንም፣ ፎቶ አንሺዎች ይገቡ የነበረው ጠዋት ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ምስክር ሲናገር የተከሳሹ ፊት ምን እንደሚመስል ለውጭው ሰው ያሳዩት ሠዓሊዎች ናቸው።

የዚህ ሥራ ክብደት የሚታየው በቺካጎው ችሎት ነው። ከ1968ቱ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ሁከት ለማነሳሳት አሲረዋል ከተባሉት ስምንት ሰዎች አንዱ፣ ቦቢ ሲል (Bobby Seale) የሚባለው የጥቁሮች መብት ታጋይ ነበር። ራሴ ልከራከር እያለ ደጋግሞ ቢጠይቅ፣ ዳኛ ጁሊየስ ሆፍማን በኦክቶበር 1969 ወንበር ላይ እንዲታሰርና አፉ እንዲለጎም አዘዙ። የችሎት ሠዓሊው ሃዋርድ ብሮዲ ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሣለው። አንድ ጥቁር ተከሳሽ አሜሪካ ውስጥ፣ ዳኛ ፊት፣ ተለጉሞ መቀመጡን ዛሬም በዓይናችን የምናየው እንዲህ ባለ ሥዕል ነው።

ጥያቄ፦ የሥዕል ተማሪ ነኝ። ምን ይዤ ልግባ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ በፊት ሬጅስትራሩን ፈቃድ ጠይቂ። ከዚያ ወረቀት ምረጪ፤ ነጭ አይሁን። ግራጫ ወይም ቡናማ፣ ፊቱ ሻካራ የሆነ ወረቀት መካከለኛውን ጥላ ራሱ ይሰጥሻል፤ አንቺ ብርሃኑንና ጨለማውን ብቻ ትጨምሪያለሽ። የምትሠሪው ጉልበትሽ ላይ ስለሆነ ከ50 በ65 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ለስላሳ ፓስቴል፣ ማለትም እንደ ጠመኔ ያለ የቀለም ዘንግ፣ 20 ያህል ቀለም ይበቃል። ለሁለት ሰብረሽው ግቢ፤ ጎኑ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፣ ስባሪው ጠርዝ ቀጭን መስመር ያወጣል። ለዓይንና ለከንፈር ሁለት ሦስት የፓስቴል እርሳስ፣ ለእጅሽ እርጥብ ጨርቅ፣ ከተፈቀደም አቅራቢ መነጽር ጨምሪ።

ዳኛው ሳይሰየሙ ባዶውን ክፍል ሣዪ፤ ሰዎቹ ሲገቡ ልኩ በእጅሽ ይሆናል። ተከሳሹ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው፤ ምስክሩ ግን በ20 ደቂቃ ሊወርድ ስለሚችል እሱን አስቀድሚ። መጀመሪያ ትከሻውን፣ የአንገቱን ዘንበል ማለት፣ የእጁን አኳኋን ያዢ። ፊቱ ቢዘገይም እንኳ አቋሙ ትክክል ከሆነ ሰውየውን የሚያውቅ ሁሉ ይለየዋል። የጁሪ አባላትን፣ ማለትም ጥፋተኝነትን የሚወስኑትን ተራ ዜጎች፣ ፊት አትሣዪ፤ ማንነታቸው ተለይቶ ጉዳት እንዳይደርስባቸው ባዶ ክብ ትተሽ እለፊ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ገና ሲጀምሩ ፓስቴሉን በመጫን ነው። የወረቀቱ ሻካራነት በዱቄት ይደፈንና የኋለኛው ቀለም ይንሸራተታል። በጣት ደጋግሞ ማሸትም ቀለሙን ጭቃ ያስመስለዋል። እንደኛ ያለ የቆዳ ቀለም ላይ ደግሞ ለብርሃኑ ነጭ፣ ለጥላው ጥቁር የሚያደርጉ አሉ፤ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቡናማ ወረቀትሽን እንደ ቆዳ ተጠቀሚበት፣ ብርሃኑን በቢጫማ አፈር ቀለም፣ ጥላውን በጥቁር ወይን ጠጅ አውጪው። ማጽኛውን፣ ማለትም ፓስቴሉ እንዳይረግፍ የሚረጨውን ፈሳሽ፣ ውጭ ወጥተሽ እርጪ። ሽታው ክፍሉን ይረብሻል፤ ፈዛዛ ቀለሞችንም ስለሚያጨልም የመጨረሻዎቹን የብርሃን ነጥቦች ከረጨሽ በኋላ አድርጊ።

ጥያቄ፦ ሠዓሊዎቹ ሆን ብለው ፖለቲከኞችን ያስቀይማሉ?

መልስ፦ ተከሳሹ አንዳንዴ የሚታየው በጎን ወይም ከኋላ ብቻ ነው፤ ፊቱን በዞረባት ቅጽበት መያዝ ግድ ይላል። የችሎት ሠዓሊዋ ጄን ሮዘንበርግ በኤፕሪል 2023 ትራምፕን ክንዳቸውን አጣምረው፣ ፊታቸውን ቋጥረው ሣለቻቸው፤ ሥዕሉ የኒው ዮርከር መጽሔት ሽፋን ሆነ። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ ፊት በዚያ ሰዓት ታይቷል ወይ? ከታየ፣ ማለስለስ ልክ እንደ ማስቀየም ሁሉ ሐሰት ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ የ1925ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ በችሎት ውስጥ መሣልን ይከለክላል። ሠዓሊው የክራቫቱን ቀለም፣ የፀጉሩን አከፋፈል፣ ማን የት እንደተቀመጠ በቃላት ይጽፍና ወጥቶ ከትዝታው ይሥላል።