የሥራ ዘመን በዕድሜ አይለካም

በ40 ዓመቱ ባዕድ አገር ገብቶ ሥራ የጀመረ ሰው በሥራ ዘመኑ ገና ጀማሪ ነው። አገር ቤት መምሪያ ሲመራ የቆየ መሐንዲስ እዚህ ከታች ሲቀጠር ልቡ ተረጋግቶ መቀመጥን ይሻል፤ ያለበት ደረጃ ግን መማርንና መሞከርን ይጠይቃል። የሥራ ዘመንን ደረጃዎች ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1957 ከ25 እስከ 44 ያለውን ዕድሜ የመደላደያ ጊዜ ብሎት ነበር። እንደ አዲስ ለጀመርን ሰዎች ይህ ስሌት አይሠራም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ሜየርና ናታሊ አለን እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳስረዱት፣ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የማይለቀው ስለሚወደው፣ መልቀቁ ስለሚያስከፍለው ወይም መቆየትን እንደ ግዴታ ስለሚያየው ነው። የእኛን ሰው ገና በጀማሪነቱ አጥብቆ የሚይዘው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። «ማንም ሳያምነኝ የቀጠረኝ እሱ ነው» እያለ የተሻለ ዕድል የሚያሳልፍ ወገን ሳይ አዝናለሁ። ውለታን አትርሱ። ነገር ግን ውለታው የሚመለሰው ሥራን አጥርቶ በመሥራት፣ መልቀቂያን በጊዜው በማስገባትና ተተኪን በማሠልጠን ነው። የምትማሩት ነገር ካለቀና የእድገት በር ከተዘጋ፣ ከቀጣሪያችሁ ጋር በክብር ተሰናበቱ።

ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ ሌላው ማሰሪያ፣ መልቀቅ የሚያስከፍለው ዋጋ፣ ይጠነክራል፤ የጡረታ መዋጮው፣ የዓመት ፈቃዱ፣ የቤት ብድሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት። ይህን ከፍቅር ጋር አታምታቱት። ሌላ ቦታ ያው ደመወዝና ያው ጥቅም ቢሰጣችሁ ነገውኑ ትሄዱ ነበር? መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ፣ የያዛችሁ ጥቅሙ ብቻ ነው።

ተመራማሪው አሮን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1991 ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ለመሥሪያ ቤት ያለ ቁርጠኝነት ማነስ ከመልቀቅ ጋር ይበልጥ ተያይዞ ያገኘው በጀማሪዎች ላይ ነው። በአንጋፋዎች ዘንድ የሚጠነክረው ከሥራ መቅረትና ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና ነበር። እኔም የማየው ይህንኑ ነው፤ ነባሩ ሠራተኛ በአካል አለ፣ ልቡ ግን ከሄደ ቆይቷል። እንዲህ የሆናችሁ ዝም ብላችሁ ጡረታን አትጠብቁ። የክፍል ዝውውር ጠይቁ፤ አዲስ የሚገቡትን የማሠልጠን ኃላፊነት ይሰጠኝ በሉ፤ አለቃችሁን ፊት ለፊት አነጋግሩ።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ ደግሞ፣ አሠሪው ያዋጣላችሁ የጡረታ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ከሰው ኃይል ክፍሉ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ጥቂት ወራት መታገሥ ብዙ ገንዘብ የሚያተርፍበት ጊዜ አለ።