ራሱ የሚጠቁር የብየዳ ማስክ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። ባለ 2.5 እና ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ እየተጠቀምኩ በር፣ ፍርግርግና መደርደሪያ እበይዳለሁ፤ ወደፊት በአርጎን ጋዝ የሚሠራውን የቲግ ብየዳ መጀመርም እፈልጋለሁ። እስካሁን የምሠራው በእጅ በሚያዘው ጥቁር መስታወት ነበር። አሁን ራሱ የሚጠቁረውን ማስክ ልገዛ ስል ካርቶኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ግራ አጋባኝ። አንዱ በ1/25,000 ሰከንድ ይጠቁራል ይላል፣ ሌላው በ1/30,000። አራት ቁጥሮች በመስመር ተለያይተው የተጻፉበትም አለ። ምኑን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ ሻጮች ቀድመው የሚያነሱት ፍጥነቱን ነው፤ እርስዎ ግን መጨረሻ ላይ ይዩት። 1/25,000 ሰከንድ ማለት 0.04 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 1/30,000 ደግሞ 0.033 ገደማ። ይህን ልዩነት የማንም ዓይን አይለየውም። ደግሞም አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ ጨረሮች የሚታገዱት መስታወቱ ስለጠቆረ አይደለም። ፊት ለፊት ያለው ቋሚ ማጣሪያ፣ መስታወቱ ቢጠቁርም ባይጠቁርም፣ ባትሪው ቢያልቅም፣ እነዚህን ጨረሮች ያስቀራል። የሚጠቁረው የፈሳሽ ክሪስታል ንብርብር ሥራው ለዓይን የሚታየውን ኃይለኛ ብርሃን መቀነስ ነው። ይህ ሲባል ግን በማይጠቁር ማስክ ይበየዳል ማለት አይደለም፤ የሚታየው ብርሃንም በጥንካሬው ዓይን ያፈዛል፣ ሲደጋገም ይጎዳል። አንዴ ሳይጠቁር የቀረ ማስክ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ከሥራ ይውጣ።

ገንዘብ ማውጣት የሚያዋጣው ሴንሰሩ ላይ ነው፤ ብልጭታውን አይቶ መስታወቱን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ርካሹ ማስክ ሁለት ሴንሰር አለው፣ ሻል ያለው ሦስት ወይም አራት። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ላሜራ ለሚበይድ ሁለቱ ይበቃሉ። የበር ፍሬም ማዕዘን ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ግን ቱቦላሬው ራሱ፣ አለዚያም ኤሌክትሮድ መያዣውን የጨበጠው እጅዎ አንዱን ሴንሰር ይሸፍነዋል። የቀረው ሴንሰር ደግሞ ብልጭታውን በቀጥታ ካላየው መስታወቱ በሥራ መሃል ቦግ እልም ማለት ይጀምራል። እርስዎ የሚሠሩት በርና ፍርግርግ ስለሆነ፣ ቲግም ስለሚያስቡ፣ አራት ሴንሰር ያለውን እንመክራለን።

የቲጉን ነገር ካነሳን፣ መመሪያው ላይ ማስኩ ከስንት አምፔር ጀምሮ የቲግ ብልጭታን እንደሚያውቅ የሚገልጽ ቁጥር ይፈልጉ። 5 አምፔር ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ ማስኩ ለኤሌክትሮድና ለሚግ (ሽቦው ራሱ እየወጣ ለሚበየድበት) የተሠራ ነው ብለው ይቁጠሩት።

የጥቁረት ቁጥሩ ከ9 እስከ 13 የሚስተካከል ከሆነ ለቤት ወርክሾፕ ይበቃል። ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ በ60 እና በ100 አምፔር መካከል ሲሠሩበት ቁጥር 10 ይመቻል፤ ባለ 3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 140 አምፔር ባለው 11። እነዚህ መነሻ ናቸው። ትክክለኛው መንገድ ከጨለማው ጀምሮ አንድ አንድ ቁጥር እያነሱ መምጣት ነው፤ የቀለጠው ብረትና ሁለቱ ጠርዞች ጥርት ብለው ሲታዩ እዚያው ያቁሙ። ለዚህ የአምፔር መጠን ከ8 በታች ግን አይወርዱም። ከ50 አምፔር በታች በሚሠራ ቲግ ከ8 እስከ 10 ያለው ስለሚበቃ፣ ወደፊት ቀጭን ላሜራ በቲግ የሚበይዱ ከሆነ ከ5 እስከ 8 ያለውንም የሚጨምር ማስክ ይፈልጉ፤ ፕላዝማ መቁረጫ ቢገዙም ያገለግልዎታል።

አሁን ወደ አራቱ ቁጥሮች እንምጣ። መስታወቱ ላይ ለምሳሌ 3/9-13 ከዚያ ቀጥሎ 1/1/1/2/379 ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙ፣ 3 ሳይጠቁር ያለው ቁጥር ነው፣ 9-13 ሲጠቁር የሚስተካከልበት ክልል፣ 379 ደግሞ ኢኤን 379 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ። አዳዲሶቹ ላይ በ379 ምትክ 16321 ሊያገኙ ይችላሉ። መሃል ያሉት አራቱ ቁጥሮች የእይታ ጥራት ናቸው፤ 1 ምርጡ፣ 3 ዝቅተኛው። የመጀመሪያው ምስሉ ሳይዛባ መታየቱን ይለካል፣ ሁለተኛው መስታወቱ ብርሃን በመበተን ጉም መሰል ነገር ማምጣት አለማምጣቱን፣ ሦስተኛው ጥቁረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን፣ አራተኛው ደግሞ በጎን ሲያዩበት ጥቁረቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ። 1/1/1/2 በቂ ነው። አራተኛው ቁጥር 3 የሆነበት ማስክ አንገትዎን አዙረው ሲበይዱ አንዱ ጎኑ ይሳሳል፣ ሌላው ይጠቁራል። እነዚህ ምልክቶች ካርቶኑ ላይ ብቻ ኖረው መስታወቱ ላይ ከሌሉ አይግዙት።

ባትሪው የሚቀየር ይሁን። «በሶላር የሚሠራ» የሚባሉት ብዙዎቹ ውስጣቸው የታሸገ ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲያልቅ መስታወቱ በሙሉ ይጣላል። ከውስጥ በኩል ተንሸራትቶ የሚወጣ ሲአር 2450 ወይም ሲአር 2032 ባትሪ ያለው ዕድሜው ይረዝማል።

የማያው ስፋት የምርጫ ጉዳይ ነው። 92 በ42 ሚሊ ሜትር የተለመደው ነው፤ 100 በ60 አካባቢ ያለው አንገት ያሳርፋል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ። ከውጭ በኩል ያለው የፕላስቲክ መከላከያ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ሳያረጋግጡ ግን አይክፈሉ። ፍንጣሪ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ልኩ ከማስክ ማስክ ይለያያል፣ ልኩ የማይገኝለት ማስክ ደግሞ በወራት ውስጥ ዋጋ ያጣል።

ከመግዛትዎ በፊት የቴሌቪዥን ሪሞት ሴንሰሮቹ ፊት ይጫኑ ወይም የላይተር ድንጋይ ይጫሩ፤ ብዙዎቹ ማስኮች ወዲያው ይጠቁራሉ። ለሪሞት የማይመልስ ማስክ ግን የግድ የተበላሸ አይደለም፤ ወደ ውጭ ይዘውት ወጥተው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ያዙሩት። ሲጠቁር ነጭ ግድግዳ ላይ ይመልከቱ፦ ዳሩ ላይ የሳሳ ጥግ፣ መሃሉ ላይ ነጠብጣብ ካለ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ማስኬ በኤሌክትሮድ ስበይድ ደህና ነው፤ በቲግ በ20 አምፔር ስጀምር ግን እየበራ እየጠቆረ ያስቸግረኛል። ግቢ ውስጥ ስወጣ ደግሞ ሳልበይድ ይጠቁራል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ሁለቱም በአንድ ቁልፍ የሚስተካከሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሴንሰሩን ንቃት የሚወስነው ቁልፍ። ለቲግ ከፍ፣ ለፀሐይ ዝቅ ይደረጋል። ግቢ ውስጥ በቲግ ሲበይዱ ሁለቱ ስለሚጋጩ ፀሐይዋን በጀርባ ከመስጠት ይልቅ ጥላ መዘርጋት ይሻላል፤ ከኋላ የሚገባ ብርሃን መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እየተንጸባረቀ የራስዎን ፊት ያሳይዎታል።

ቁልፉ ካልፈታው በቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ ሴንሰሮቹ ላይ ያለውን ጭስና ፍንጣሪ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በፍንጣሪ የተጠቃ የውጭ መከላከያ የሴንሰሩንም ዓይን ስለሚሸፍን አብሮ ይቀየር። ቀጥሎ ባትሪ። የደከመ ባትሪ መጀመሪያ ምልክቱን የሚሰጠው በዝቅተኛ አምፔር ነው፤ በ100 አምፔር ብልጭታ ላይ ምንም አይታወቅም። ከዚያ የቲጉን ችቦ የያዘው እጅዎ በየትኛው ሴንሰር ፊት እንደሚያልፍ ይመልከቱ። መልሶ የሚበራበትን ጊዜ የሚወስነው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 ሰከንድ ይሄዳል፤ ወደ 0.5 ቢያሳድጉት በብልጭታው መሃል ያለው መቆራረጥ ይቀንሳል። ለነጥብ ብየዳ ግን አጭሩ ይሻላል፤ አለዚያ በየነጥቡ መሃል ጨለማ ውስጥ ይቆማሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በ20 አምፔር ካልያዘ፣ ማስኩ ለዚያ አምፔር አልተሠራም። መስታወቱን በቤንዚን ወይም በቲነር ለማጽዳት ግን አይሞክሩ፤ የፕላስቲኩ መከላከያ ወዲያው ይደበዝዛል፣ ይሰነጣጠቃልም።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛሁት ማስክ ጭጋጋማ ነው። ተታለልኩ?

መልስ፦ የውጩንም የውስጡንም መከላከያ አውጥተው ጠርዙን በጥፍርዎ ይፈትሹ። ቧጨራ እንዳይነካው የሚለጠፈው ስስ ፊልም ሳይላጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ በሁለቱም ገጽ አለው። ቅርብ ለማንበብ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ ጭጋጉ ከማስኩ ሳይሆን ከዓይንዎ ሊሆን ይችላል፦ ከውስጥ የሚገጠም ማጉያ መስታወት ከ+1.00 እስከ +2.50 ይሸጣል፣ ማስኩ ማስገቢያ ካለው።

ጥያቄ፦ ማስክ አድርጌ በይጄ ሌሊት ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረኝ፣ አለቀሰም። ማስኩ ጨረር አሳልፎ ነው?

መልስ፦ ማጣሪያው ካልተሰነጠቀ የማሳለፉ ነገር ብዙም አይጠረጠርም። የሚጠረጠረው በጎን የገባው ብርሃን ነው፦ አጠገብዎ ሌላ ሰው ሲበይድ፣ ከኋላዎ ያለ ነጭ ግድግዳ ወይም አሉሚኒየም ብልጭታውን ወደ ማስኩ ውስጥ ሲመልሰው፣ ወይም ለነጥብ ብየዳ ብለው ማስኩን ሳያወርዱ ዓይንዎን ጨፍነው ሲያስነሱ። ስሜቱ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ስለሚመጣ ምክንያቱን ለማስታወስ ያስቸግራል። አብዛኛው በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ይለቃል። አይሹት፤ ጨለማና ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያስታግሰዋል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ለምኖ ቤት ወስዶ መደጋገም ኮርኒያው (የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን) እንዳይድን ያደርጋል። እይታዎ ከቀነሰ፣ ሕመሙ ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ግራይንደር ሲጠቀሙ የገባ ብረት ከጠረጠሩ ሐኪም ይይዎት። ለወደፊቱ ከማስኩ ስር ጎኑ የተሸፈነ የሥራ መነጽር ያድርጉ፤ ከጀርባዎ ደግሞ ጥቁርና የማያንጸባርቅ መጋረጃ ይኑር።

ጥያቄ፦ የማስኬ ቁልፍ ለግራይንደር የሚሆን ቦታ አለው። በዚያው በጋዝ መቁረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም። የግራይንደሩ ቦታ መስታወቱን 3 ወይም 4 ላይ ቆልፎ ሴንሰሩን ያጠፋዋል። ለቀላል የጋዝ ብየዳና መቁረጫ ግን 5 አካባቢ ያስፈልጋል፤ ሴንሰሮቹም የጋዝን ነበልባል እንደ ብልጭታ አያውቁትም። ማስኩ ቁጥር 5 ላይ የሚቆለፍ ከሆነ በዚያ ይሥሩ፤ ካልሆነ ባለ 5 የጋዝ መነጽር ለብቻው ይግዙ። ግራይንደር ከጨረሱ በኋላም ኤሌክትሮድ ከመንካትዎ በፊት ቁልፉን ወደ ብየዳ ይመልሱ፤ አንዳንድ ማስክ በግራይንደር ቦታ ላይ ሳለ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ያ መብራት ከሌለው ማስክ ያለው ይመረጣል።