መልስ፦ «አናርኪ» ማለት ረብሻ ነው ወይ?

እህቴ፣ ግሎባል ትሬንድ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ «የዓለም ሥርዓት አናርኪ ነው» የሚለው ግራ አጋባኝ ብለሻል። ረብሻ ማለት አይደለም። ከመንግሥታት በላይ የሚያዝ መንግሥት የለም ማለት ነው፣ በቃ።

እዚህ ጣና ላይ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በመረብ ቢጣሉ ሽማግሌ አለ። እምቢ ካሉ ፖሊስ አለ። አገሮችስ? አገሮች የሚካሰሱበት የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ቢሆን ሁለቱም ካልተስማሙ አይዳኛቸውም።

ዓባይን እይው። ከጣና ወጥቶ በድልድያችን ሥር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲካፈሉት ኢትዮጵያን ማንም አልጠራትም። እሷም አልፈረምኩም ብላ ግድቧን ሠራች። ያኔም ዛሬም «ተዉ» ብሎ የሚያስቆም የበላይ የለም።

ብቻ ፈተና ላይ «ሥርዓት አልበኝነት» ብለሽ እንዳትጽፊ። እኔ ጽፌ ነጥብ በልቶኛል።