ዘጠኝ ዓመት የሆነው ዚንክ ቆርቆሮ ቀለም ይቀባ ወይስ ይተው?

እህቴ ሰላም ነው? ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፣ መልሱ ሲረዝምብኝ ለዛሬ አሳደርኩት። ያልሽው ይሄ ነው፤ ደሴ ሆጤ ያለው ቤትሽ ጣሪያው ዚንክ ቆርቆሮ ነው፣ 9 ዓመት ሆኖታል፣ ምስማሮቹ ዙሪያ ቀላ ማለት ጀምሯል። ጎረቤት «ሬንጅ አስቀቢው» አለሽ። የመጣው ባለሙያ ደግሞ «አንሺውና ባለ ቀለሙን ኢጋ እናልብሰው» አለሽ። አብሽሪ፣ ለሁለቱም አትቸኩዪ።

እኔ ቆርቆሮ ሠሪ አይደለሁም። ግን ደሴ የአባቴን ቤት፣ ኮምቦልቻ የወንድሜን ሱቅ ጣሪያ ሃያ ዓመት ገደማ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ያበላሸሁትም ቀላል አይደለም። ካበላሸሁት ልጀምርልሽ።

ሬንጁን እኔ ራሴ ቀብቼዋለሁ። 1998 ዓ.ም ነው፣ ክረምት ሊገባ ሲል። ሸዋ በር ያለው የአባቴ ቤት ሁለት ቦታ ያፈስ ነበር። ሬንጅ አቅልጠን፣ በአሮጌ መጥረጊያ ለቀለቅነው። ያን ክረምት ጠብ አላለም፣ እኔም ሰፈር ውስጥ ባለሙያ ተባልኩ። በጋ ሲመጣ ፀሐይ ሬንጁን አደረቀችው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሰነጣጠቀው፣ በልግ ላይ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሬንጁ ሥር ተኛ። ገባ እንጂ መውጫ የለውም። ከላይ ስታዪው ጥቁርና ድፍን ነው፣ ምንም አይታይም። በሦስተኛው ዓመት ልናወልቀው ስንነካው ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል። ሬንጅ ያልነካው የዚያው ጣሪያ ሌላው ግማሽ፣ በዚያው ቀን የተመታ ቆርቆሮ፣ እስካሁን አለ። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ እሱ ደግሞ በአሸንዳ ወርዶ በርሜልሽ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ተይው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዚንክ ቆርቆሮ የምንለው ብረት ነው፤ በሁለቱም በኩል ስስ ዚንክ ለብሷል። ዚንኩ ዝም ብሎ ውሃ አይከለክልም፣ ከብረቱ ቀድሞ እሱ ይበላል። ትንሽ ጭረት ቢያገኘው እንኳ ዙሪያው ያለው ዚንክ ለብረቱ ይበላለታል። ዝናብ መታው፣ ደረቀ፣ ደግሞ መታው፣ ደረቀ ሲል ዚንኩ ላይ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ቆዳ ይወጣል። ሰው «ቆርቆሮዬ ጠቆረ፣ አረጀ» ብሎ የሚያዝንበት ያ ግራጫ ነው ዕድሜ የሚሰጠው! ቆዳው እንዲጠነክር ግን መድረቅ አለበት። ሁሌ እርጥብ የሆነ ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣና ዚንኩ ቶሎ ያልቃል። ገና ሳይመታ ግቢ ውስጥ ተደራርቦ ዝናብ የገባበት አዲስ ቆርቆሮ ላይ የምታዪው ነጭ ነገርም ያው ነው። እኔ በሬንጅ የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ቆርቆሮውን እንዳይደርቅ አድርጌ ከደንኩት።

አንድ ነገር በመሀል፤ እኛ ሱቅ ስንሄድ የምንጠይቀው ጌጅ ብቻ ነው። 28 ነው? 32 ነው? ጌጅ ውፍረቱን ነው የሚናገረው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይወፍራል። ዚንኩ ምን ያህል እንደሆነ ግን ምንም አይነግርሽም። ዚንኩ ሌላ መለኪያ አለው። 275 የሚባለው በአንድ ካሬ ሜትር፣ ሁለቱ ገጽ ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ አለው ማለት ነው፤ በአንድ ገጽ 19 ወይም 20 ማይክሮን ይሆናል። 100 የሚባለው 7 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፣ አስቢው። ሁለት 28 ጌጅ ቆርቆሮ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አንዱ ቀድሞ የሚዝገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወደፊት ስትገዢ ሁለቱንም ቁጥር ጠይቂ፤ ሻጩ ግራ ቢገባው አትደነቂ።

ቀለምስ? ቀለም ጥሩ ነው፣ ግን ሲገባው። የወንድሜ ሱቅ ጣሪያ አዲስ ሆኖ ገና ሲያብለጨልጭ «እንዲያምር» ብለን አረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀጥታ ቀባነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐይዋን ታውቂያታለሽ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ በትልልቁ ይነሣ ጀመር፣ ንፋስ ሲመጣ የጎረቤት ግቢ ይገባል፣ ጭቅጭቅ ሆነ። ጥፋቱ የፀሐይዋ ብቻ አልነበረም። የዘይት ቀለም ውስጥ ያለው ዘይት ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ሳሙና የመሰለ ነገር ይፈጥራል፣ ቀለሙ በዚያ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ዚንክ ላይ ወይ ለዚንክ ተብሎ የተሠራ የሥር ቀለም መጀመሪያ ይገባል፣ ወይ በውሃ የሚበጠብጡት ለብረት ጣሪያ የተሠራ አክሪሊክ። ያንቺ 9 ዓመት ስለቆየ አንጸባራቂው ጠፍቶ ሻከር ብሏል፣ ቀለም ለመያዝ ከአዲሱ ይሻላል። በዚህ ዕድለኛ ነሽ።

ደሴ እና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም፣ ሐረጎን መውረድ ነው፣ ለጣሪያ ግን ሁለት አገር ናቸው። ኮምቦልቻ ጣሪያው ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙ ነው የሚጎዳው። እኛ ጋ ደሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ረፋዱ ድረስ ቆርቆሮው ላይ ይተኛል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ካለ ደግሞ አሸንዳውና ሁለት ጣሪያ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ተከምሮ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሆናል። ጉሙ ሲነሣም ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም፤ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳና ቀለም የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር አካባቢ ናት። ቀይ ቆርቆሮ በአምስት ስድስት ዓመት ሮዝ ሲሆን ያየሽው በዚህ ነው። ሲደበዝዝ ግን አትደንግጪ፣ መደብዘዝና መዝገት ለየቅል ናቸው። በጣትሽ ስታሺው ዱቄት ከለቀቀ ቀለሙ እየሳሳ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ነው ድጋሚ መቀባት የሚታሰበው።

ባለሙያው ያለሽ ባለ ቀለም ቆርቆሮ መጥፎ አይደለም፣ ግን «ከዚያ በኋላ አትነኪውም» ካለሽ ዋሽቶሻል። ገራዶ ያለው የእህቴ ቤት ባለ ቀለም ነው። የመቱት ልጆች ጣሪያው ላይ ሆነው በግራይንደር ቆረጡት፣ የብረት ብናኙን ሳይጠርጉ ወረዱ። ሁለት ዝናብ ሳይቆይ አዲሱ ጣሪያ ፊቱ ላይ ማድያት የወጣበት መሰለ። ብናኙ ትኩስ ሆኖ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል፣ ግራይንደሩም የቆረጠውን ጠርዝ አቃጥሎ ሽፋኑን ይገፈዋል። በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ በይ፣ ብናኝ ካለም ያንኑ ቀን ይጠረግ። ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለም ጠይቂ፤ ዚንክ ነው ወይስ አሉዚንክ? አሉዚንክ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ 1.6 በመቶ ሲሊከን ነው፣ በአብዛኛው ቦታ ከተራው ዚንክ ብዙ ይቆያል። የማይወደው ግን እርጥብ ሲሚንቶና የከብት በረት ነው። እኛ ጋ ጣሪያው ከግድግዳ የሚገናኝበትን በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ነውና እዚያ ጋ ተጠንቀቂ።

ሁሉም የሚረሳው የውስጡን ገጽ ነው። የእናቴ ማድቤት ቆርቆሮ ከላይ ሲታይ ደህና ነበር፣ የተበሳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የምጣዱ ጢስና እንፋሎት ቆርቆሮው ሥር ይጠራቀማል፣ ሌሊት በብርዱ ጠል ይሆናል፣ ጥላሸቱ ያንን እርጥበት ይዞ ያድራል። ከላይ ስንት ጊዜ ብትቀቢው ለዚህ አይሠራም። ጢስ መውጫ ከፈትንለት፣ ቆርቆሮውን ቀየርን፣ ይኸው ሰባት ዓመቱ።

አሁን ወደ አንቺ ቤት። ምስማር ዙሪያ ብቻ ከቀላ ጣሪያሽ አልሞተም። ምስማሩ ሥር ያለው ላስቲክ በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፣ ምስማሩ ራሱም ሊዝግ ይችላል። ባለ ላስቲኩን አዲስ ምስማር ወይም ብሎን፣ ከድሮው ወፈር ያለ፣ እዚያው ጉብታው ላይ ይምቱልሽ። እንጨቱ፣ ማለቴ ሞራሌው፣ ከበሰበሰ ግን ምስማር አይዝም፣ መጀመሪያ እሱ ይቀየራል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ በልግ ሳይመጣ። በኦሞና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፣ በደንብ በውሃ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። የሽቦ ብሩሽ የዛገው ላይ ብቻ! ሙሉውን ከፈተጉት የቀረሽን ዚንክ ነው የሚፈትጉት፣ እኔ ለወንድሜ ሱቅ እንደዚያ አድርጌ ነበር። የዛገውን ቦታ ዚንክ የበዛበት አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ይነካ፣ ከዚያ በላዩ ቀለም። ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሆን አያስጀምሩ፣ ጠሉ አይለቅም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይተዉት። ሠራተኛው ቆርቆሮ ላይ ሲወጣ ምስማር የተመታበት መስመር ላይ ይርገጥ፣ ሥሩ እንጨት አለ፣ ለራሱም ለቆርቆሮውም ይሻላል። የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሚ ከሆነ ከቀለሙ በኋላ የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ዝናብ ወደ ውጭ ልቀቂው። አሸንዳው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠረግ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፤ ይሄ ብር አያስወጣም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። እኩለ ቀን ላይ ኮርኒሱን በአንድ በኩል አስከፍቺና ከውስጥ እዪው። ብርሃን በነጥብ በነጥብ የሚገባ ከሆነ እነዚያ ቆርቆሮዎች ይቀየሩ፣ ቀለም አያድናቸውም። ብርሃን ከሌለና ገጹ ግራጫ ከሆነ ከላይ ያልኩሽ ይበቃዋል። ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ማድቤቱንም ጨምሪ።